«የት ተመደብክ?» ያልነው ወንድማችን



ዛሬ የምንጽፈው ራሳችን ስለሠራነው ስሕተት ነው። እኛ ቢዮ አዋሌ ውስጥ አንድ ወንድማችን ሕክምና ተምሮ የተመረቀ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ተደሰተ። ማሽላና ጫት ከሚያለማ ገበሬ ቤት ዶክተር ወጣ ተባለ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። እኛም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ «ከእንግዲህ በሽተኛ ይዘን ድል ጮራ ድረስ አንንከራተትም» ብለን በጀማዓው ፊት ተናገርን።

ወራት አለፉ። ወንድማችን ግን ቤቱ ተቀምጧል። ባየነው ቁጥር «ዶክተር፣ የት ተመደብክ?» እንለዋለን። ፈገግ ብሎ ያልፋል። ቀስ በቀስ ኢማሙ እንዳሰላመቱ ተነስቶ የሚወጣ ሆነ። ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ቤቱ ሄድን። «ኡስታዝ፣ ከሥራ ማጣቱ ይልቅ ጥያቄው ነው የከበደኝ» አለን። አፈርን። ከዚያ መንገዱን ከመጀመሪያው አስረዳን።

አንድ ተማሪ 12ኛ ክፍልን አልፎ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ቢገባ፣ መጀመሪያ ዓመታትን በክፍልና በላብራቶሪ ያሳልፋል። ቀጥሎ እንደ ድል ጮራና ሕይወት ፋና ባሉ ሆስፒታሎች በሽተኛ አጠገብ ይማራል። የመጨረሻው ጊዜ ኢንተርንነት ነው፤ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማሕፀንና ፅንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ሌሊቱን በተረኝነት ያድራል። እኛ ሆስፒታል ስንሄድ ዓይኑ ቀልቶ የምናየው ወጣት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የሚሠራው በሲኒየር ሐኪሞች ሥር ሆኖ ነው። ይህ ሁሉ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ከ2011 ዓ.ል ወዲህ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ምዘና ማለፍ ግድ ሆኗል።

ያን ሁሉ አልፎ «ጠቅላላ ሐኪም» ይባላል። ቀድሞ ጤና ሚኒስቴር ተመራቂዎችን በዕጣ ይመድብ ነበር። «የት ተመደብክ?» የሚለው ጥያቄያችን ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ሐኪም የሚያሠለጥኑት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ፤ ከ2000 ዓ.ል ወዲህ ግን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በጣም በዙ። ተመራቂው ሲበዛ የሆስፒታሎች የቅጥር በጀት አብሮ አላደገም። ስለዚህ በሽተኛው ሐኪም እየፈለገ፣ ሐኪሙ ሥራ እየፈለገ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም።

ስፔሻሊስት ለመሆን ደግሞ ሌላ በር አለ። ጤና ሚኒስቴር አገር አቀፍ ፈተና ያወጣል፤ አመልካቹ የሚፈልገውን ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፤ ድልድሉ በውጤት ነው። ሬዚደንት ሆኖ በውስጥ ደዌ ወይም በሕፃናት ሕክምና ሦስት ዓመት፣ በማሕፀንና ፅንስ አራት ዓመት ይማራል። በኋላ የተከፈቱ ዘርፎችም አሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምናን በ2003፣ የቤተሰብ ሕክምናን በ2005 ዓ.ል ጀምሯል። ሁሉም ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ የሚይዝ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርም አለ። በ18 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ስፔሻሊስት ሲሆን ግን ዕድሜው ሠላሳ ሊነካ ወይም ሊያልፍ ነው።

እኛ መድረሳ ያደግን ሰዎች ይህን መረዳት አልነበረብንም? ደረሳ አንድ ኪታብ ስለጨረሰ «ፈትዋ ስጥ» አንለውም። ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየሄደ፣ ዓመታት ቆጥሮ ነው የሚበስለው። ለደረሳው የሰጠነውን ትዕግሥት ለዶክተሩ ነፈግነው።

ስለዚህ እኛ ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ ሕክምና ልትማሩ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ 12ኛ ክፍል ሳላችሁ ኢንተርን የሆነና ሥራ የሚጠብቅ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ መንገዱን አውቆ የገባ ሰው መሐል ላይ ተስፋ አይቆርጥም። ሁለተኛ፣ ወላጆች፣ ልጁ በተመረቀ ማግስት ቤት እንዲሠራ፣ ወንድሞቹን እንዲያስተምር አትጠብቁ። ገና የሚቀረው ትምህርት ሊኖር ይችላል። ሦስተኛ፣ አቅም ያላችሁ ሰዎች፣ ፈተና ለሚጠብቅ ልጅ ጸጥ ያለ የማጥኛ ክፍልና የኢንተርኔት ወጪ መሸፈን ትልቅ እርዳታ ነው።

ወንድማችን አሁን ከተማ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፤ በቀረው ጊዜ ለፈተናው ያጠናል። ያልፍ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። ያለፈው ጁሙዓ መጥቶ የፊተኛው ሶፍ ላይ ቆመ። ሶላቱ ሲያልቅ እጁን ይዘን «ጥናቱ እንዴት ነው?» አልነው። ተቀመጠና ረጅም ሰዓት አወራን።

አላህ ለሁሉም ያግራላቸው።