ለ1008 ፒክስል ስንት ትከፍላለህ?

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ካሜራ አንግቼ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ገባሁ። አንዱ የራሴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ተተኪው፣ ኤ ሰቨን ፎር ነው። ሊሸጠው ያሰበ ጓደኛዬ "አንድ ቀን ይዘኸው ዋል፤ ከዚያ ራስህ ትለምነኛለህ" ብሎ ሰጠኝ። ባንክ ያለችኝ ገንዘብ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኳት ናት። ስለዚህ ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም።

ማዕከሉን ለማታውቁት፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት 705 ሄክታር ነው። ባሕር ዛፍ የወረሰውን ጋራ ለአገር በቀል ዛፎች ለመመለስ ይሠራል። እኔ የመረጥኩት ለብርሃኑ ነው፤ ከላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጽዱ ሥር ግን ድንግዝግዝ ነው። ካሜራ የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አንዱን ሌንስ እያፈራረቅኩ ማንሳት ጀመርኩ። ችግኝ የሚኮተኩቱ አንድ አባት አገኘሁ።

"አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?"

ፈቀዱልኝ። በአዲሱ አነሳኋቸው፤ ከዚያ አሮጌውን ሳወጣ፦

"ምነው ልጄ፣ ያኛው አይሠራም እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሁለቱም ካሜራዎች ዓይናቸውን ወዲያው ያዙ።

ቀጥሎ አንዲት ወፍ መጣች። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ አዲሱ በቅርንጫፎቹ መሐል የወፏን ዓይን ለይቶ ያዘ። የኔው ቅርንጫፉን አጥርቶ ወፏን አደበዘዛት። አዲሱ የወፍ ዓይን እንዲለይ ተደርጎ ተሠርቷል፤ አሮጌው የሰውና የእንስሳ ብቻ ነው።

ማታ ላፕቶፕ ላይ አነጻጸርኩ። 24 ሜጋፒክስል ወደ 33 አድጓል ሲባል ብዙ ይመስላል። የምስሉ ወርድ ግን ከ6000 ወደ 7008 ፒክስል ነው ያደገው፤ 17 ከመቶ ገደማ። የአባባን ሁለት ፎቶዎች በቴሌግራም ለአንድ አዘጋጅ ላክሁና "የቱ ይሻላል?" አልኩት። "የሚስቁበት" አለኝ። የአሮጌው ነው። በአዲሱ ባነሳቸውም ያው ይስቁ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አዲሱ ሲወጣ ዋጋው ያለ ሌንስ 2,500 ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 142,500 ብር ማለት ነው። ዶላር 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ያው 2,500 ዶላር ቀረጥ ሳይጨመርበት ከ250 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። ለአንድ ፎቶ የሚከፈለኝ ግን ያኔም አሁንም ያው ነው። እኛ በግል የምንሠራ ጋዜጠኞች መሣሪያችን በዶላር፣ ደሞዛችን በብር ነው። በመሐል ያለውን ልዩነት የሚከፍለው አሠሪው አይደለም፤ የኛው የቤት ኪራይ ነው።

ቪዲዮ ዋና ሥራችሁ ከሆነ ግዙት፤ የቀለም መረጃው የሰፋ ነው፣ ስክሪኑም ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል። የኔ ሥራ ግን ስብሰባ፣ ገበያና የሰው ፊት ነው። መስክ ስወጣ ደግሞ የአሮጌው ባትሪ በስክሪን 710 ፎቶ ያነሳል ተብሎ የተለካ ነው፤ የአዲሱ 580።

እሑድ ለጓደኛዬ መለስኩለት። "ፈራህ?" አለኝ። "ቆጠርኩ" አልኩት።

ያቺን ወፍ ግን እስካሁን አልረሳኋትም።