ስካይላይን ድራይቭ፦ ወገቤ የመሰከረለት ጉዞ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ፍሮንት ሮያል የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛሉ። ከከተማዋ ጫፍ ተነስቶ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ መንገድ አለ፤ ስካይላይን ድራይቭ ይባላል። ርዝመቱ 105 ማይል ወይም 169 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ዕቃ ለማመላለስ ወይም ቶሎ ለመድረስ አልተሠራም። የተሠራው ሰው ተራራውንና ሸለቆውን እያየ ቀስ ብሎ እንዲሄድበት ነው። ስለዚህ በሰዓት ከ35 ማይል፣ ማለትም ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው። መኪና አቁመው ቁልቁል የሚመለከቱባቸው ቦታዎችም ወደ 70 ይጠጋሉ።

እኔ ያየሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ በሆነበት ሰሞን ነው። ምራቴን ላርስ አሌክሳንድሪያ ወደሚኖረው ልጄ ሄጄ ነበር። የተጓዝንበት መኪና ግን ለ66 ዓመት ጡረተኛ ነርስ የሚመረጥ ዓይነት አልነበረም። የ1999 ሥሪት ማዝዳ ሚያታ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣራው ሸራ የሆነ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን እምብዛም የማያልፍ የስፖርት መኪና። ሚያታ በ1989 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ያገለገለው ደግሞ በደመወዝተኛ አቅም ይገዛል። ልጄም ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል እየሠራ ካጠራቀመው ላይ ነው የገዛው።

በመጀመሪያው እሑድ በዚሁ መኪና ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። መንገዱ የረባ ጉድጓድ የሌለበት አስፋልት ነው። ሆኖም እያንዳንዱን የድልድይ መገጣጠሚያ ወገቤ ይቆጥር ነበር። የአጥንት መሳሳት እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሕመም ላይ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ኃይለኛ ንጥቂያ የአከርካሪ አጥንቱ ሊሰነጠቅ እንደሚችል በሥራዬ ዘመን አይቻለሁ። ቤት ደርሰን ልጄ ደግፎ ሲያነሳኝ ፊቴን አየና ዝም አለ።

ቡና ላይ ነገሩ ተነሳ። ምራቴ ሰባት ወሯ ነው። “እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ” አለችኝ። “ልጅ ሊመጣ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ እሱንም የሚያሳምም መኪና ለምናችን ነው? ቢሸጥ ለሕፃኑ ይሆናል።” ልጄ አንገቱን ደፍቶ “እማዬ፣ አንድ ጊዜ ተራራው ላይ ልውሰድሽና ይሸጥ” አለ።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ልጄ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ያችን መኪና እየወለወለ ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ምራቴ ማታ ማታ ወጪያቸውን በደብተር ስትጽፍም አይቻለሁ። በመጨረሻ የቆረጠችው እሷው ናት፦ 600 ዶላር። በዚያ ከተስተካከለ ይቆያል፤ አንድ ዶላር ካለፈ ይሸጣል።

በማግስቱ ቅዳሜ የልጄ ጓደኛ የሆነ መካኒክ መጣ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለሆነ ዛሬም ሞላ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ ነው የሚለው። የመኪናውን አፍንጫ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀው። እምብዛም አልወረደም፤ ጠንካራ ነገር ላይ እንዳረፈ ሁሉ ጓ አለ። “ማዘር፣ ይሄ መኪና ሲሠራ እንዲህ አልነበረም። የፊተኛው ባለቤት ለመልኩ ብሎ ዝቅ አድርጎት ነው” አለኝ።

ከዚያ አጎንብሼ እንዳይ ባትሪ አበራልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ጎማው ጎርበጥ ያለ ነገር ሲያገኝ ይጨመቅና መልሶ ይዘረጋል። ብቻውን ቢተው ግን መዝለሉን አያቆምም። ሾክ አብዞርበር በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ያንን ዝላይ ያበርዳል። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ደግሞ የመጨረሻውን ምት የሚቀበል ወፍራም ላስቲክ አለ። የልጄ መኪና ሞላ በአጭር ተቀይሮ ስለነበር የቀረው መንቀሳቀሻ ከሁለት ጣት አይበልጥም። መኪናው የሚሄደው በሞላው ሳይሆን በዚያ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ነበር። ላስቲኩም ፈርሶ አልቋል፤ ሾኮቹም ዘይት አልቅሰዋል።

ይህን ስሰማ ሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያ ሳለሁ የነበረን አሮጌ አምቡላንስ ትዝ አለኝ። ባሌስትራው ደህና ነበር፤ ሾኮቹ ግን ሞተዋል። ምጥ የያዛትን እናት ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ጉድጓዱ አንዴ ያልፋል፤ መኪናው ግን ካለፈም በኋላ ሦስትና አራት ጊዜ ይዘላል። እናትየዋን የሚያስጮኻት ያ ተከታዩ ነበር። የሰው ገላ በሰከንድ አንዴ ወይም አንዴ ተኩል ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ነገር ይችላል። ተቀምጦ ለሚጓዝ ሰው ወገብና ሆድ ዕቃ ክፉው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ምቾት ማለት ልስላሴ ብቻ አይደለም። ሞላው በቂ መንቀሳቀሻ አግኝቶ አንዴ ወርዶ፣ አንዴ ወጥቶ ዝም ሲል ነው ገላ የሚያርፈው።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ልጄ ሲያስብ የኖረው ቁመቱና ጥንካሬው እንደፈለጉ የሚስተካከለውን የእሽቅድምድም ዓይነት ዕቃ ነበር፤ እሱ ግን ከሺህ ዶላር በላይ ነው። መካኒኩ ወደ ሌላ መንገድ መራው። ብዙ ወጣት ሚያታ እንደገዛ ዋናውን ሞላ አውልቆ ጓዳ ስለሚጥለው፣ ያልተነካካ የፋብሪካ ሞላ አራቱም በ60 ዶላር ተገኘ። አዲስ የምት መቀበያ ላስቲክ 50 ዶላር። አራት አዲስ ሾክ፣ ለስለስ ያለው የተለመደው ዓይነት፣ 340 ዶላር። የጎማ አላይመንት 110 ዶላር። ድምሩ 560 ሆነ።

ሁለቱ ትልልቅ ለውጦች ገንዘብ አልጠየቁም። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ጎማው 36 ፒኤስአይ ተነፍቶ ነበር፤ በሹፌሩ በር ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ልክ ግን 26 ነው። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ጠጠሩን ሁሉ ወደ ወንበር ያስተላልፋል። ሁለተኛው ቸርኬው ነው። ባለ 17 ኢንቹን ትልቅ ቸርኬ ከነስስ ጎማው ለሌላ ወጣት ሰጥቶ ባለ 15 ኢንቹን ከነወፍራም ጎማው ተለዋወጠ። የጎማው ጎን ከፍ ሲል እሱ ራሱ እንደ ትንሽ ሞላ ይሠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤት ጠጋኞች ልንገራችሁ። መካኒኩ የተሽከርካሪውን ክንዶች የሚይዙትን ብሎኖች መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ አላጠበቃቸውም። መጀመሪያ አወረደው፤ በገዛ ክብደቱ በጎማው ላይ አቆመው፤ ከዚያ አጠበቀ። ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቅ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ መኪናውም ይደርቃል፤ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። ለድካሙ ገንዘብ አልቀበልም ስላለ በዶሮ ወጥ ተካካስን።

እንግዲህ ወደ መንገዱ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወጣን። ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ በመቀመጫ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ማስገባት ነው፤ ለታካሚዎቼ የምነግረውን ለራሴ አደረግሁት። የድልድዩ መገጣጠሚያዎች ዛሬም ነበሩ። ድምፃቸው ይሰማል፤ ወገቤ ግን አልቆጠራቸውም። ልጄ በየመገጣጠሚያው በጎን ያየኝ ነበር። አራተኛው ላይ ማየቱን ተወ።

ፍሮንት ሮያል በር ላይ የመኪና መግቢያ 30 ዶላር ነው፤ ከ600 የተረፈው 40 ስለነበር ከዚያው ከፈለ። ከበሩ ጀምሮ በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ቆሟል። በስተቀኝ ሸናንዶዋ ወንዝ በሸለቆው ውስጥ ይተጣጠፋል። በመንገዱ ዳር ያለውን የድንጋይ አጥር በ1930ዎቹ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ መንግሥት ያሰማራቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው የገነቡት። ፓርኩን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1936 መርቀውታል። ከዚያ በፊት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የተራራው ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነስተዋል፤ የመቃብር ቦታዎቻቸው ዛሬም በጫካው ውስጥ አሉ። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አማተብኩ።

32ኛው ማይል አጠገብ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ዋሻ አለ፤ ሜሪስ ሮክ ይባላል። በ1932 የተፈለፈለ ሲሆን ከ180 ሜትር በላይ ይረዝማል። እኔ ያሰብኩት የጣርማበርን ዋሻ ነው፤ እሱም የተሠራው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ልጄ “እማዬ፣ አሁን ከፍተኛው ቦታ ላይ ልንደርስ ነው” አለኝ። ስካይላንድ ስንደርስ ምልክቱ 3,680 ጫማ ይላል፤ 1,120 ሜትር ገደማ ነው። “ይሄማ ከድሬዳዋ ያንሳል፤ የአዲስ አበባንም ግማሽ አይሞላ” ብዬው ሁለታችንም ሳቅን።

ቢግ ሜዶውስ ከተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ምሳችንን በላን፤ አጋዘኖች ሣር ይግጣሉ። ስንመለስ በቶርንተን ጋፕ በኩል ወደ ስፔሪቪል ወረድን። ቁልቁለቱ ጥምዝምዝ ነው። እዚህ ላይ ነው መኪናው ስፖርት መኪና መሆኑ የታወቀኝ። ቀድሞ ድርቅ ብሎ ሳለ በመታጠፊያ ላይ ትንሽ ጎርባጣ ካገኘ ወደ ጎን ይዘል ነበር፤ ጎማው ለቅጽበት መሬቱን ይለቃልና። አሁን ሞላው ወርዶ ይቀበላል፤ ሾኩ ይይዘዋል፤ ጎማው ከአስፋልቱ አይላቀቅም። ለወገቤ የተደረገው ጥገና መሪውንም አስተካከለው። ልጄ ቀስ ብሎ፣ ፍሬን ሳያበዛ እየነዳ “እንዲህ መሆኑን ሳላውቅ ልሸጠው ነበር” አለ። ስፔሪቪል በቀረን 10 ዶላር ፖም ገዛን።

ምራቴ ፖሙን ተቀብላ ደብተሯን አወጣችና 560 የሚለው ላይ አሰመረች። የልጅ ልጄ በታኅሣሥ በሰላም ተወለደ። ልጄ ሕፃኑ ሲተኛ ግማሽ ሰዓት ወጥቶ ይነዳል፤ ሲመለስ ዳይፐር የመቀየር ተራው የእሱ ነው። ይህም የምራቴ ውል ነው።

አዛውንት ይዛችሁ ረጅም መንገድ ለምትወጡ ቤተሰቦች ጥቂት ልበል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን በር ላይ በተጻፈው ልክ አስለኩ። የመኪናውን አራት ማዕዘኖች በየተራ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ወጥቶ ካላረፈና ደጋግሞ ከተወዛወዘ ሾኩን አሳዩ። በአውቶቡስ ከሆነ ወገባቸውን የሚያማቸውን ከኋለኛው ጎማ በስተጀርባ አታስቀምጡ፤ መሃል ላይ ዝላዩ ይቀንሳል። በየሰዓት ተኩሉ አቁማችሁ አምስት ደቂቃ አራምዷቸው። መልካም ጉዞ።