በማሐኔ ዬሁዳ ገበያ የቤት አስቤዛ

ዛሬ የምንጎበኘው በኢየሩሳሌም ከተማ ከያፎ መንገድ እስከ አግሪፓስ መንገድ ድረስ የተዘረጋውን የማሐኔ ዬሁዳ ገበያ ነው። የከተማው ሰው «ሹክ» ብቻ ይለዋል። ከ2011 ወዲህ ቀላሉ ባቡር በያፎ መንገድ ስለሚያልፍ መድረስ አያስቸግርም።

ገበያው የተጀመረው በቱርኮች ዘመን ማብቂያ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ምርታቸውን ሜዳ ላይ እየዘረጉ ሲሸጡ ነው። በእንግሊዞች ጊዜ መደብሮች ተሠሩለት። ከዒራቅ የመጡ አይሁድም የራሳቸውን ክፍል አቋቋሙ፤ ስሙ እስከ ዛሬ «የዒራቃውያን ገበያ» ነው።

ጣሪያ ባለው በዔፅ ሐይም መንገድ ሲገቡ አይብ፣ ሐልቫ፣ ጣፋጭና ቡና ቤት ይበዛል። እዚህ የሚገዛው አብዛኛው ጎብኚና ደኅና ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲሉ ደግሞ ሽንኩርት፣ ድንችና ጎመን ተከምሮ፣ ጋሪ የሚጎትቱ እናቶች ዋጋ እያነጻጸሩ ይዞራሉ። አንዱ ለአንድ ስኒ ቡና የሚከፍለው ለሌላው ቤተሰብ የምስር ወጥ ይሆናል። ገበያው አንድ ነው፤ ኪሱ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በወር 6,000 ሼቄል የሚያገኝ ቤተሰብ ለምግብ 2,000 ቢያወጣ የገቢው ሲሶ ሄደ ማለት ነው። 24,000 የሚያገኘው ደግሞ 4,000 ቢያወጣ፣ እጥፍ አድርጎ እየበላ እንኳ የሄደበት አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። የቲማቲም ዋጋ ሲጨምር ማንን እንደሚያምም ከዚህ ይታያል።

በአገር ቤት እህል በቁና፣ በርበሬ በጣሳ፣ ሽንኩርት በመደብ እንገዛ ነበር። እዚህ ሁሉም በኪሎ ነው፤ ግን ሁሉም አይደለም! ቅመም፣ ወይራና አይብ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናታችን እርድ በኪሎ መስሏቸው ካስመዘኑ በኋላ ሒሳቡን ሲሰሙ «ወርቅ ነው እንዴ?» ብለው መልሰውታል። መመለስ ነውር የለውም። ከማስመዘንዎ በፊት «ካማ ለኪሎ?» ብለው ይጠይቁ።

ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ከ«ማዓም» ነፃ ነው። በሌሎች ምግቦች ላይ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ ይከፈላል። መንግሥት ዋጋቸውን ከሚወስንላቸው መካከል እንቁላል፣ ተራ ወተት፣ ተራው ነጭና ጥቁር ዳቦ ይገኛሉ። ከሙሉ ስንዴ የተጋገረው ዳቦ ግን ብዙውን ጊዜ ውድ ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ነጩን ይዞ ይሄዳል። በኔ አስተያየት ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም ወገኖቻችን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሲመጡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ግን ቁጥሩ በጣም እንደጨመረ ሐኪሞች መዝግበዋል። ነጭ ዳቦ፣ ስኳር ያለው መጠጥና የመቀመጥ ኑሮ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። ልጆች ለስላሳ መጠጡን ከጓደኞቻቸው ቤት ለምደው ይመጣሉ፤ ርካሽም ስለሆነ እንቢ ማለት ያስቸግራል።

ጤፍ ውድ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 እህሉ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። ስለዚህ ብዙ እናቶች ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቅሉታል፤ ከተቻለ የስንዴው ዱቄት ካልተነጣው ቢሆን ይሻላል። ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ግን በዚህ ገበያ በጆንያ ተከፍተው ይሸጣሉ። ከሥጋ በብዙ ይረክሳሉ፤ ወጡንም አሳምረን እናውቀዋለን። ለልጆቹም ከከረሜላ ይልቅ የወቅቱን ፍሬ፣ በክረምት ብርቱካን፣ በበጋ ሐብሐብ ማየት ነው።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ግፊያው ለጉድ ነው። ሰንበት ሊገባ ሲል ሻጮች እየጮኹ ዋጋ ይጥላሉ፤ በተለይ እስከ እሑድ የማይቆየውን ቅጠላ ቅጠልና የበሰለ ፍሬ። እስከ መጨረሻው የሚጠብቅ ሰው በርካሽ ይሸምታል። ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱም ባቡሩም ስለሚቆም፣ ከከተማ ውጭ የሚኖር ሰው የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠዋት ሲወርድ ሹፌሩን ይጠይቅ።