ካሳ ጠያቂና ካሳ ከፋይ

በባሕር ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው ካሳ የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ኢጣልያ አገራችንን ወርራ ስላደረሰችው ጥፋት በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የጠፋውን ሁሉ አስቈጥሮ፣ 2,000 አብያተ ክርስቲያናት፣ 525,000 ቤቶች፣ ከዚያም በላሙንና በሬውን፣ በጉንና ፍየሉን፣ ፈረሱንና በቅሎውን ሳይቀር በዝርዝር ጽፎ ለዓለም መንግሥታት አቀረበ። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የወሰነላት 25 ሚሊዮን ዶላር ከተጠየቀው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ነበረ። ይሁን እንጂ ጠያቂዋ አገር ወደ ሸንጎ የቀረበችው ሒሳቧን በእጇ ይዛ ነበር።

የአገርን ታላቅ ጉዳይ ከአንዲት አሮጌ መኪና ጉዳይ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ማስፈራችን ድፍረት መስሎ እንደሚታይ እናውቃለን። ነገር ግን እኛም በአቅማችን ካሳ ጠይቀን ነበርና፣ በጠየቅንም ጊዜ በእጃችን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልነበረችንምና፣ የደረሰብንን ሳንሸሽግ ብንጽፈው ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለን አሰብን።

እኛ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ የምንኖር ሁለት ወንድማማቾች ነን። አባታችን ትተውልን ያለፉት አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ አለችን። ከደመወዛችን ላይ ጥቂት ለመጨመር ስንል፣ ከሥራ ነጻ በምንሆንባቸው ቀኖች በቆጋ መስኖ የለማውን አትክልት ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እናመላልስባት ነበር። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ የሞተርዋ ራስ፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ የሚባለው፣ ተሰነጠቀና ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቀለ። አዲስ መግዛት ከአቅማችን በላይ ስለ ነበረ ያገለገለ ፍለጋ ወጣን።

የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያገለገለ መለዋወጫ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠራው ስም በአዲስ አበባ መርካቶ ያለው ሶማሌ ተራ ነው። የዕቃው ጥንተ ምንጭ ግን ከዚያም ይርቃል። በሰው አገር መንገድ ሲመላለስ ያረጀ፣ ወይም በአደጋ የተሰባበረ መኪና አካሉ እየተፈታታ፣ ሞተሩ ለብቻ፣ ካምቢዮው ለብቻ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እንዲህ ያለው ዕቃ ልደቱም ሕመሙም አይታወቅም፤ የሚመሰክርለት የሻጩ አንደበት ብቻ ነው።

እኛም በከተማችን ከሚገኝ አንድ መደብር ቴስታታውን አገኘን። ሻጩ ዕቃውን በጨርቅ ወልወል አድርጎ፣ «ከዱባይ የመጣ ንጹሕ ዕቃ ነው፤ ወንድሞቼ፣ እኔ ራሴ የማላምንበትን አልሸጥላችሁም» አለን። ዋጋውም 45,000 ብር ነበረ። ቀጥሎም «በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ሲል ጠየቀን። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበትና 51,750 ብር ይሆናል። ስለ 6,750 ብር ስንል እርስ በርሳችን ተያየን፤ ምክራችንም ረዥም አልነበረም። «ያለ ደረሰኝ ይሁን» አልን። ሻጩ ፈገግ አለ፤ እኛም ፈገግ አልን። በዚያች ሰዓት ሁለታችን ወገኖች የተጠቀምን መስሎን ነበር፤ የተጐዳ ቢኖር በስፍራው ያልነበረው የሕዝብ ግምጃ ቤት ብቻ ነው አልን።

መካኒኩ ዕቃውን ተቀብሎ አገላበጠና ታላቃችንን፣ «ጋሼ፣ ከመግጠማችን በፊት ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስፈትነው ይሻላል» አለው። ፈተናው ቀላል ነው፤ የቴስታታው ቀዳዳዎች ይደፈኑና በውስጡ ግፊት ይሞላበታል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለበት በዚያ በኩል ያስተነፍሳል። እኛ ግን የመጫኛው ቀን ደርሶብን ነበርና «ጊዜ የለንም፤ ግጠመው» አልነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ መታጠቂያችን የተፈታው በዘጠነኛው ቀን ነው።

በዚያ ቀን ከመራዊ 26 ሣጥን ቲማቲም ጭነን ስንመለስ፣ መሸንቲ ከመድረሳችን በፊት የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ወጣ። ቆመን፣ ሞተሩን አቀዝቅዘን ውሃ ጨመርን። ጥቂት እንደ ሄድን መርፌው እንደ ገና ወጣ። ፀሐዩ በርትቶ ስለ ነበረ፣ ቲማቲሙም እንዳይበላሽ ስለ ሰጋን፣ «ትንሽ ነው የቀረን» እያልን ነዳን። በመጨረሻ ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ቀጥ አለ። ሌላ መኪና ተገኝቶ እስኪጐትተን ድረስ ዋልን፤ ስለዚህም ቲማቲሙን ለማዳን የነዳነው መንገድ ራሱ ቲማቲሙን አጠፋው። ከሣጥኖቹ ሥር ቀይ ውሃ ሲንጠባጠብ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

ቴስታታው ተፈትቶ ቶርኖ ቤት በገባ ጊዜ ጉዱ ወጣ። በሁለቱ ቫልቮች መካከል የቆየ ስንጥቅ ነበረ፤ ስንጥቁም በብየዳ ተደፍኖ፣ ተሞርዶ፣ በብርማ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ዕቃውን ይዘን ወደ ሻጩ ሄድን። እርሱም መጀመሪያ «በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» አለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ?» አለን፤ በሦስተኛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ከእኔ ለመግዛታችሁ ምን ማስረጃ አላችሁ?» ሲል ጠየቀን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምረን እናውቀው ነበር፤ ትርጓሜው የገባን ግን በዚያ መደብር ደጃፍ ላይ ነው።

በቍጣ ተነሣሥተን ሕጉን ገለጥን። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2287ኛው ቍጥር፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጕድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ ይሁን የሚል የለም፤ ነገር ግን ለተገዛበት ሥራ መዋል አለበት፤ ሻጩም ጕድለቱን አላወቅሁም በማለቱ ብቻ ከዋስትናው አያመልጥም። ገዢ ደግሞ ዕቃውን በጊዜው መመርመር፣ ጕድለቱንም እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል፤ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ጕድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» የሚባልበት ምክንያትም በዚህ ጊዜ ገባን።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ሒሳባችንን ጻፍን፦ የዕቃው ዋጋ 45,000 ብር፤ የመካኒክ 6,000 ብር፤ የማስጐተቻ 4,000 ብር፤ የቲማቲሙ 26,000 ብር፤ ጠቅላላው 81,000 ብር። ጽሑፉንም ደጋግመን ባነበብን ቍጥር የተበደልን መሆናችን እየገነነ ታየን።

በዚሁ ሰሞን ቲማቲሙን ያስጫኑን እናት ወደ ቤታችን መጡ። እኒህ ሴት ከገበሬ እየገዙ በባሕር ዳር ገበያ በመቸርቸር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው፤ ዕቃቸውንም የሰጡን ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር፣ በእምነት ብቻ ነበር። እኛም በትሕትና «እትዬ፣ ከሻጩ ካሳችንን ስንቀበል ወዲያው እንከፍልዎታለን» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ እኔ ሻጩን አላውቀውም፤ የማውቀው እናንተን ነው» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እውነት ለመናገር በዚያ ጊዜ ቃላቸው ብዙም አልከበደንም፤ የራሳችን በደል ጆሮአችንን ሞልቶት ነበርና።

ክሱን ከማቅረባችን በፊት ሰዎች ሽምግልና መከሩን። ሻጩም እኛም የምናከብራቸው አንድ አረጋዊ ተመረጡ፤ እኒህ ሰው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸውና የብረትንም የሰውንም ጠባይ ያውቃሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጥን። አረጋዊው ቴስታታውን በጕልበታቸው ላይ አኑረው ብየዳውን በጣታቸው ከዳሰሱ በኋላ ወደ ሻጩ ዞሩና፣ «ይህን ዕቃ አንተ ሸጠሃል ወይስ አልሸጥህም? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አሉት። ሻጩ በፊታቸው ሊዋሽ አልደፈረም፤ መሸጡን አመነ፤ ብየዳውን ግን እንዳላየ፣ እርሱም ከሌላ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ እንደ ገዛው ተናገረ። እንግዲህ እርሱም ወደ ኋላ ዞሮ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ወደ እኛ ተመለሱ። «ደረሰኝ ለምን አልተቀበላችሁም?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። «መካኒኩ ይፈተን ሲላችሁ ለምን እንቢ አላችሁ?» ዝም አልን። «መርፌው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ለምን አልቆማችሁም?» አሁንም ዝም አልን። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሕጉም ያለ ነው፤ የተጐዳ ሰው ጕዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ ይገባዋል። ደግሞም ዕቃውን ስንገዛ በቶሎ የሚበላሽ ጭነት እንደምንጭንበት ለሻጩ አልነገርነውም፤ ሕጉም ከተለመደው በላይ የሆነውን ጕዳት ተዋዋዩ አስቀድሞ ያላወቀው እንደ ሆነ በቀላሉ አያሸክመውም።

በመጨረሻ አረጋዊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሴትዮዋን ቲማቲም ማን ካሰ?» አሉን። «ከእርሱ ስንቀበል…» ብለን ስንጀምር እጃቸውን አነሡ። «እርሱ እናንተን በሚቀጥለው ሳምንት ኑ ብሎ መለሳችሁ። እናንተስ እርስዋን ምን ብላችሁ መለሳችኋት? ደረሰኝ የላችሁም ብሎ አፈራችሁበት። እርስዋስ ደረሰኝ አላት?» አሉን።

አንባቢ ሆይ፣ በሕይወታችን ብዙ ተግሣጽ ሰምተናል፤ እንደዚያ ቀን ግን አላፈርንም። ሕግን የጠራነው ወደ እኛ የሚያመጣው ነገር ሲኖር ብቻ ነበር። ለመንግሥት የሚገባውን 6,750 ብር ስናስቀር ሕግ መኖሩን ረሳን፤ 81,000 ብር ስንጠይቅ ቍጥሩን ጠቅሰን ተናገርን፤ የአንዲት እናት 26,000 ብር ሲጠየቅ ደግሞ ሕጉን በሻጩ ደጃፍ አስቀምጠን እርስዋን አስጠበቅናት። ሻጩ በእኛ ላይ የሠራውን፣ እኛም አቅም ባነሰው ሰው ላይ ሠርተነው ነበር።

ሽማግሌው የፈረዱት ፍርድ ይህ ነው፦ ሻጩ 45,000 ብሩን መልሶ ዕቃውን ይውሰድ፤ የመካኒኩንና የማስጐተቻውን 10,000 ብር ሁለቱ ወገኖች እኩል ይክፈሉ፤ ቲማቲሙ ግን በእኛ ላይ ይሁን፣ ለባለቤቱም ከሁሉ አስቀድሞ ይከፈል። ተስማማን። ሻጩም ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ። ፍርድ ቤት ሄደን ቢሆን ኖሮ የበለጠ እናገኝ ወይም ያነሰ እናገኝ ይሆን ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀን አናገኝም ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኖአል። በአገር ውስጥ ያሉትም እያረጁ መሄዳቸው አይቀርምና ያገለገለ መለዋወጫ የሚፈልገው ሰው ቍጥሩ ሳይበዛ አይቀርም። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ ዕቃውን ሳያስፈትን እንዳይገጥም፣ ደረሰኙን ሳይቀበል ገንዘቡን እንዳይቈጥር፣ ጕድለት ያገኘ ቀን በዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲያስታውቅ እንመክራለን። ሻጭ የሆነውም እርሱ ራሱ ነገ ገዢ መሆኑን ያስብ።

እኛም ሌላ ቴስታታ ስንገዛ ቶርኖ ቤት አስፈተንነው፤ ታክሱንም ከፍለን ደረሰኙን በሊብሬው ውስጥ አኖርነው። 26,000 ብሩን ይዘን ወደ እትዬ ቤት በሄድን ጊዜ፣ እርሳቸው ብሩን ሳይቈጥሩ ከመቀነታቸው ቋጠሩትና ቡና አፈሉልን። ስንሰናበትም እስከ በሩ ሸኙንና፣ «መኪናዋ ከዳነች ለሐሙስ 20 ሣጥን አለኝ» አሉን። በዚያ ሐሙስ ዕለት ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ቈጥረን፣ ቍጥሩን በወረቀት ጽፈን፣ ፈርመን ሰጠናቸውና ጫንን።