የወይን ቤትና የእንግዳ ቤት

አባቶቻችን አገራችንን በአየር ጠባይዋ ሲከፍሏት ቈላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ሰየሟት። ቈላ ሲባል ሙቀቱ፣ ደጋ ሲባል ብርዱ ይታወሰናል፤ የመካከለኛው ስም ግን የተገኘው ከተክል ነው። ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። ጤፉም ስንዴውም በሚበቅልበት ምድር ስሙን ከወይን ማውጣታቸው ተክሉን ምን ያህል ያከብሩት እንደ ነበረ ያስረዳል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ድረስ ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ በቤተ ልሔም ይጨመቅና ለቅዳሴ ይቀርባል።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ተማሪ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ወይን ጠጅ ጻፈች ተብሎ ወላጆች እንዳይቈጡኝ ነው። የምጽፈው ስለ መጠጣት ሳይሆን ስለ ሥራ፣ ስለ አሮጌ ቤትና ስለ እንግዳ አቀባበል ነው። ከዚህም ጋር በእኛ ቤት ውስጥ ዘንድሮ የተነሣ አንድ ክርክር አለ፤ እርሱንም ሳልደብቅ አወራለሁ፤ ብዙ የክፍል ጓደኞቼ ከወላጆቻቸው ጋር ተመሳሳይ ክርክር እንዳላቸው ዐውቃለሁና።

ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር ላይ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ከጥንቱ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ የመጣ ነው። እንግዲህ የምንኖረው ስሙን ከሥራ ባገኘ ምድር ላይ ነው ማለት ነው። ወደ መካኒሳ ስንሄድ ደግሞ ሌላ የቆየ የሥራ ስም እናገኛለን፤ ይኸውም አዋሽ ወይን ጠጅ ነው። ድርጅቱ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተመሥርቶ በልደታና በመካኒሳ ሲሠራ የኖረ፣ ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ንብረት ሆኖ የቆየ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ግል ባለሀብቶች የተላለፈ ነው። ጉደርና አክሱማዊት የተባሉትን የወይን ጠጆች ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው፤ ጉደር ስሙን ያገኘው ከአምቦ አልፎ ካለው አገር ነው። እኛ የመካኒሳ ልጆች ግን ወይን ጠጁን ሳንቀምስ ስሙን የምናውቀው የታክሲ መውረጃ ስንናገር ነው።

ባለፈው ዓመት የጂኦግራፊ መምህራችን «በሰፈራችሁ ያለ አንድ አሮጌ የሥራ ቦታ ሥራውን ቢያቆም ምን ይሁን ትላላችሁ?» ብለው ጥያቄ ሰጡን። አብዛኞቹ ጓደኞቼ «ፎቅ ይሠራበት» ብለው ጻፉ። እኔም መልስ ስፈልግ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ ስለ አንድ የፖርቱጋል እርሻ አነበብሁ። ስሙ ሳን ሎሬንሶ ዶ ባሮካል ይባላል። የሚገኘው በአሌንቴዡ አውራጃ፣ ሞንሳራዝ ከተባለች በኮረብታ ላይ ከተሠራች የጥንት ከተማ አጠገብ ነው። 780 ሄክታር ስፋት ያለው ወይንና ወይራ የሚበቅልበት፣ ከብትም የሚረባበት ርስት ሲሆን ከ200 ዓመት በላይ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ኖሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም ያስገረመኝ ዘመኑ ነው። በፖርቱጋል በ1974 እ.ኤ.አ. አብዮት ተነሣ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1975 እርሻው ከባለቤቶቹ ተወሰደ። በእኛም አገር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቈጣጠር በየካቲት 1967 ነበር። ሁለት ሩቅ አገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዐይነት ጥያቄ ገጠማቸው። የባሮካል ርስት በኋላ ለቤተ ሰቡ ተመለሰ፤ ነገር ግን የተመለሰላቸው ጣሪያው የረገፈ ቤት ነበር። እነርሱም አፍርሰው አዲስ አልሠሩም። በ2011 እ.ኤ.አ. ፕሪትስከር የተባለውን ታላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኙትን ኤድዋርዶ ሱቶ ደ ሞራን ጠርተው የሠራተኞቹን ቤቶች በረድፋቸው እንዳሉ፣ ጐተራውንም በቦታው እንዳለ አሳደሱ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። የወይኑም እርሻ አልቀረም፤ ዛሬም እንግዳው የሚተኛው በቀድሞ ሠራተኞች ቤት ሲሆን የሚጠጣውም ከዚያው መሬት የበቀለውን ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የሆቴልና የቱሪዝም ሙያ ለመማር ቈረጥሁ። በአንድ ማታም ለአባቴ ነገርኋቸው። «አባባ፣ ፈተናውን ካለፍሁ የሆቴል ሙያ ልማር ነው የማስበው» አልኋቸው። አባቴ ግንበኛ ናቸው፤ የተናገሩትን እንደ ድንጋይ አስተካክለው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። «ልጄን አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኋት ሆቴል ቤት ገብታ ሰሐን እንድታመላልስ ነው?» አሉኝ። እናቴም «ገና ፈተናው ሳይደርስ ምን አስቸኰላችሁ» ብለው ነገሩን አበረዱት። በዚያ ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አባቴ ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛችን «ሆቴል ቤት» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የመሸታ ቤት ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ በጥቂት ደመወዝ እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ የሰካራም ስድብ የምትሰማበት ቤት ነው። አባቴ እንዲህ ያሉትን ቤቶች ግንብ ሠርተዋል፤ በውስጣቸውም የሚሆነውን አይተዋል። የሴት ልጅ አባት ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሙያው ክብር የሚለካው ሙያውን ባዋረዱት ሰዎች ብቻ መሆን የለበትም።

በአገራችን የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙት ማን ናቸው? እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በ1898 ዓ.ም. ግድም የተመሠረተው ሆቴል እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያን ዘመን ምግብ በገንዘብ መሸጥም መግዛትም እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር ሰው ደፍሮ የሚገባ ጠፍቶ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው እየበሉ ሒሳብ ከፈሉ ተብሎ ይተረካል። ንግሥቲቱ ያላፈረችበትን ሙያ የግንበኛ ልጅ ለምን ታፍርበታለች? በጥር 2007 ዓ.ም. ያ ሆቴል በእሳት በተጐዳ ጊዜም ብዙ ሰው እንደ ገዛ ቤቱ አዝኖለታል። ቤቱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ብዙ እንግዳ አሳድሯልና።

ደግሞም እንግዳ መቀበል ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለም። በአገራችን ልማድ መንገደኛው ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይላል። ውሃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፤ ካለው እንጀራ ይቀርብለታል። እግር ያጠበችውን የቤት እመቤት «ተዋረደች» ያለ ሰው አልሰማሁም። ልዩነቱ አሁን ሥራው በትምህርትና በደመወዝ መሠራቱ ነው። ለዚሁ ትምህርት የተቋቋመውም የመንግሥት የቱሪዝም ማሠልጠኛ ተቋም ከአምሳ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ በቃል መናገር ስላልቻልሁ የባሮካልን ሥዕል አሳትሜ ወስጄ አሳየኋቸው። እርሳቸው አልጋውንም የመዋኛውንም ውሃ አላዩም። ያዩት ግድግዳውን ነው። «ይህ በኖራ የተለሰነ ነው፤ ግንቡ ወፍራም ነው፤ በጋ ቢሆን ውስጡ ይቀዘቅዛል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «አሮጌውን ግንብ ሳያፈርሱ አዲስ ጣሪያ መጫን ከአዲስ ሥራ ይልቅ ይከብዳል» አሉ። ቀጥለውም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «የሠሩት ሰዎች ስም ግን የት አለ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄድሁ፤ በንባብ ማለቴ ነው። በኬፕ አገር ሆላንዶች የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ የጠመቁት በ1659 እ.ኤ.አ. ነው። ባቢሎንስቶረን የሚባለው እርሻ በ1692 ተመሥርቶ ዛሬ ነጫጭ ጥንታዊ ቤቶቹ ታድሰው ስመ ጥር ሆቴል ሆኗል። ይሁን እንጂ የኬፕ የወይን እርሻዎች በጠቅላላው የቀኑት ከእስያና ከአፍሪካ ተግዘው በመጡ ባሪያዎች ጉልበት ነበር። ባርነት በ1834 እ.ኤ.አ. ከቀረ በኋላም በብዙ እርሻ ላይ ለሠራተኛው የደመወዙ ከፊል በወይን ጠጅ ይሰፈርለት ነበር፤ በዚህም ልማድ ስንት ቤተ ሰብ በስካር ፈረሰ! ስለዚህ አሮጌ የወይን ቤት ሲታደስ ግድግዳውን ነጭ ቀለም መቀባት ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር ታሪኩን ሳይቀቡ ማሳየት ነው። የአባቴ ጥያቄ ከእኔ ንባብ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

«ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ከዚህ ሥራ ሩቅ አይደለንም። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝዋይ አጠገብ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን ተክሎ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያን መሬት ወይን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበትም እርሻው ዙሪያውን በቦይ ተከቧል። በቀዝቃዛ አገር የወይን ተክል በክረምት ያንቀላፋል፤ በእኛ አገር ግን የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ገበሬው በመግረዝ ጊዜውን ይወስንለታል። ይህም የራሱ ዕውቀት ነው። በታሪካዊ ቦታ አጠገብ እንግዳ ማሳረፍም ተጀምሯል፤ በዳውሮ የተሠራው የሐላላ ኬላ ማረፊያ ስሙን የወሰደው በንጉሥ ሐላላ ከሚጠራው የጥንት የድንጋይ ካብ ነው።

እንግዲህ ለመምህራችን ጥያቄ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። በክፍለ ከተማችን ያለ አሮጌ የሥራ ቤት አንድ ቀን ሥራውን ቢያቆምና የእንግዳ ቤት ቢሆን ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። አንደኛ፣ ግንቡና ዛፎቹ አይነኩ፤ ፎቅ በየትም ይሠራል፤ ሰባ ዓመት የቆየ ዛፍና ግንብ ግን በገንዘብ አይገዛም። ሁለተኛ፣ በዚያ ጠርሙስ ሲያጥቡ፣ ሣጥን ሲሸከሙ፣ በርሜል ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች ስም በግድግዳው ላይ ይጻፍ፤ ልጆቻቸውም በሥራው ቅድሚያ ያግኙ። ሦስተኛ፣ በሩ ለሰፈሩ ሰው አይዘጋ። የአንድ ሌሊት ዋጋው የማይቀመስ ሆቴል እንኳ ቢሆን በወር አንድ ቀን ተማሪ ገብቶ የሚያይበት፣ በመካኒሳና በላፍቶ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙትም ገበሬዎች ምርታቸውን የሚሸጡበት ይሁን። ለዚህም ትንሹ አቃቂ ወንዝ መጽዳት አለበት፤ በቈሸሸ ወንዝ ዳር ማንም እንግዳ በረንዳ ላይ አይቀመጥምና።

መምህራችን ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ «ሦስተኛውን ማን ይፈጽመዋል?» ብለው በቀይ ብዕር ጻፉበት። እኔም ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ሙያውን የተማረ የሰፈሩ ልጅ ይፈጽመዋል። በሩን ለጐረቤት ክፍት የሚያደርገው በሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

አባቴ እስካሁን «እሺ» አላሉኝም። ያሉኝ «መጀመሪያ ፈተናሽን እለፊ፤ ከዚያ በኋላ ተቋሙን አብረን ሄደን እናየዋለን» ነው። ለእኔ «አብረን» የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንትም ከሥራ ሲመለሱ በአንድ አሮጌ ቤት ማፍረስ ላይ መዋላቸውን ነግረውኝ፣ የበሩን የተጠረበ ድንጋይ ባለቤቱን አስፈቅደው ለብቻው እንዳስቀመጡት አጫወቱኝ። ለምን እንዳስቀመጡት አልጠየቅኋቸውም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የእንግዳ ተቀባይነት ሙያ እማራለሁ ብትላችሁ፣ ከመቈጣታችሁ በፊት ምን ዐይነት ቤት ልትሠራ እንደምትፈልግ ጠይቋት። እናንተም በለቡ፣ በሐና ማርያም፣ በጎፋና በሳሪስ የምትኖሩ ጓደኞቼ፣ በሰፈራችሁ ያለውን አሮጌ ቤት ማን እንደ ሠራው ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ለሚመጣው ዓመት መጽሔት የሚሆን ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ የሠሪዎቹ ስም አብሮ አይፈርስም።