ተንበርክኬ ያስተማርኩባቸው ሳምንታት



በቀደም የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ "ቲቸር፣ ያ የሚነዱት ነገር ምንድን ነው?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። "የሕፃን ልጅ ቢስክሌት ቀምተህ ነው እንዴ?" ያለኝ ጓደኛም አለ (ራሱን ያውቃል)። ለእያንዳንዳችሁ በኢንቦክስ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ነገርዬው የጉልበት ስኩተር ይባላል። አራት ትንንሽ ጎማ፣ እንደ ቢስክሌት ያለ መሪ፣ ፍሬን፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ስፖንጅ ያለው መደገፊያ አለው። አይቀመጡበትም። የታመመውን እግር ከጉልበት አጥፈው ያሳርፉበትና በደህናው እግር መሬቱን እየገፉ ይሄዳሉ። ቁርጭምጭሚቱ ወይም መርገጫው ተሰብሮ ወይም ቀዶ ጥገና ተደርጎለት "እንዳትረግጥበት" ለተባለ ሰው የተሠራ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ግን አይሆንም።

እኔ ጋ እንዴት ደረሰ? ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኅዳር 12 ነው። ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ ጎጥ የሚካኤል ዝክር ተጠርቼ ውዬ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ድንጋይ ከዳችኝ። ጠላው ነው የምትሉ አትጠፉም። ሁለት ዋንጫ ብቻ ነው፣ ምስክር አለኝ። ቀኝ እግሬ ከሥሬ ታጠፈ። ድምፁን ሰማሁት።

ሰዎች ተሸክመው ቤት አደረሱኝና ወጌሻ ተጠራ። ሽማግሌው መጥተው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉኝ። እኔ ጥርሴን ነክሼ እሽታውን እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሱና "ልጄ፣ ይኼ ወለምታ አይደለም። እኔ አልነካውም፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት" አሉ። እግዜር ይስጣቸው! ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውር አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ በኋላ ነው ከሐኪሞቹ የሰማሁት። የሚያውቀውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የማያውቀውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በማግስቱ በአይሱዙ ጋቢና ተጭኜ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በጭነቅና በሳንቃ በር ነው የሚወርደው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ሾፌሩ "አይዞህ መምህር" ይለኛል። ቢያንስ መቶ ጊዜ "አይዞህ" ተብያለሁ። ደባርቅ ራጅ ተነሣሁ፣ ሪፈር ተጻፈልኝ፣ ጎንደር ገባሁ። ቁርጭምጭሚቴ በሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር ተከፍቶ ብረት ገባለት። "ስድስት ሳምንት መሬት እንዳትነካ" ተባልኩና ሁለት የእንጨት ክራንች ይዤ ተመለስኩ።

ክራንች ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ በብብቴ ተንጠልጥዬበት እሄድ ነበር። በሳምንቱ ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። አንዲት ነርስ አይታኝ "መምህር፣ ብብትዎ አይሸከም፣ እጅዎ ነው የሚሸከመው" አለችኝ። የክራንቹ ጫፍ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። ብብት ውስጥ የሚያልፉ ነርቮች ስላሉ ክብደት ሲያርፍባቸው እጅ ይደነዝዛል። አስተካከልኩት፣ መደንዘዙም ተወኝ። አንድ ችግር ግን አልተፈታም፤ ሁለት እጅህ ክራንች ይዞ ጠመኔ በምን ትይዛለህ? ፊዚክስ ያለ ሰሌዳ አይሆንም። በአንድ ክራንች ቆሜ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

ይህን ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ አረጋውያንን እየተንከባከበች። "የምንከባከባቸው ሴትዮ የተዉት አንድ ነገር አለ፣ እልክልሃለሁ" አለችኝ። ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣ ሰው ተገኘ። እኔም ለስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ጎንደር ነበርኩ። ራጁ ታይቶ "አጥንቱ ገና ነው፣ ሌላ ስድስት ሳምንት" በተባልኩ በሳምንቱ ስኩተሩ እጄ ገባ። የሆቴሉ ኮሪደር ላይ ሞከርኩት። ሴራሚክ ላይ ይንሳፈፋል! እንደ ሕፃን ልጅ ከዳር ዳር ስመላለስ አምሽቼ አስተናጋጁ ተቆጣኝ።

መካነ ብርሃን ይዤው ስገባ ደግሞ ሌላ ታሪክ ሆነ። ከቤቴ በር ወጥቼ አሥር ሜትር እንኳ ሳልሄድ በግንባሬ ተደፋሁ። ፊዚክስ የተማራችሁብኝ ለምን እንደሆነ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር። ጎማ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ለመውጣት የድንጋዩ ከፍታ ከጎማው ሬዲየስ ማነስ አለበት። እየተቀራረቡ ሲሄዱ የሚያስፈልገው ግፊት በጣም ይጨምራል፣ እኩል ከሆኑ ግን ምንም ያህል ብትገፋ አይወጣም። የስኩተሬ ጎማ ዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ሬዲየሱ 10 መሆኑ ነው። በጃናሞራ መንገድ ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ጠጠር ነው የሚባለው! ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ መሬት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤቴ ነው። "በቅሎዬ ቆማ አይደል የምትውለው?" አሉኝ። የተሰበረው ቀኙ መሆኑ በጀኝ፤ በቅሎ የሚወጣው በግራ እርካብ ነውና። ለመውረድ ግን ሁለት ሰው ይዞ ያወርደኛል። ስኩተሩን ትምህርት ቤት ተውኩት። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በበቅሎ፣ ከበሩ እስከ ሰሌዳው በስኩተር። ሜሪላንድና ጃናሞራ ተጋግዘው አስተማሩኝ ማለት ነው።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

በስኩተሩ የገባሁ የመጀመሪያ ቀን 11ኛ ክፍል ነበር ያለኝ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ግራ እግሬ ቆሞ፣ ቀኝ ጉልበቴ ተንበርክኮ፣ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቀኑን ስጽፍ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፦ "ቲቸርን ዛሬ ማን አንበረከካቸው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ግን ሳቄ ቶሎ አለቀ።

የተማራችሁብኝ ታውቃላችሁ፣ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ አንበረክክ ነበር። ጠጠሩ ላይ። ዱላ ስለማልጠቀም ራሴን እንደ ደግ መምህር ነበር የምቆጥረው። በተለይ ሰኞ ሰኞ ተንበርካኪው ይበዛ ነበር። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ ሰኞ ጠዋት የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። አውቃለሁ፣ ግን "ሕግ ሕግ ነው" እል ነበር።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ አንድ እግሩ ከተወለደ ጀምሮ ቆልማማ ነው። ወደ ውስጥ ስለዞረ በመርገጫው ጎን ነው የሚሄደው። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ፣ ጀርባው ላይ ስንቅ። በር ላይ ሲንበረከክ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። አንድ ሰኞ "ቀጥ በል!" ያልኩት ትዝ ይለኛል። ቀጥ ለማለት ሞከረ። አልቻለም። እኔም በሩን ዘግቼ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ያ ሳቅ ይህንን ነው ያመጣብኝ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ሆነ። የክፍሉ በር ከፍ ያለ ደፍ አለው፣ ስኩተሩ አይወጣውም። በየቀኑ ሁለት ተማሪ አንሥቶ ያስገባኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ስመጣ ደፉ ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮ፣ በአፈርና በጠጠር ተደልድሎ ዘንበል ያለ መውጫ ተሠርቷል። ማን እንደሠራው ጠየቅሁ። ያ ልጅ ነው፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ማታ ቆይተው። ለሁለት ዓመት ያንን ደፍ እጁን ግድግዳ ላይ እያስደገፈ ሲወጣ ለራሱ አንዲት ድንጋይ አላስቀመጠም። አልጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ከክፍል በኋላ ጠራሁት። "እነዚያን ሰኞዎች ይቅር በለኝ" አልኩት። አቀርቅሮ ትንሽ ቆየና "ቲቸር፣ መንበርከኩ አይደለም የሚያስቸግረኝ። መነሣቱ ነው። የምይዘው የለም፣ ሰው ሁሉ ያየኛል" አለኝ። ከዚያ ስኩተሩን አየት አድርጎ "የእርስዎ መያዣ አለው" አለ።

ምንም አልመለስኩለትም። ምን ይባላል?

ስኩተሩን ልሰጠው አስቤ ነበር፣ ግን የእሱ ችግር ሌላ ነው። ስኩተር ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ የእሱ እግር ዕድሜ ልኩን የሚሄድበት ነው። ለመጨረሻው ቀጠሮዬ በየካቲት መጨረሻ ጎንደር ስሄድ ከአባቱ ጋር ተነጋግረን ይዤው ሄድኩ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሰው ሠራሽ እግርና ልዩ ልዩ ድጋፍ የሚሠራ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። እግሩን ለክተው ልዩ ጫማ አዘዙለት። ሕፃን ሳለ ቢመጣ ኖሮ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ቀስ በቀስ ይቃና እንደነበር፣ አሁን ግን ያለ ቀዶ ጥገና እንደማይሆን ነገሩን። አባቱ ይህን ስነግራቸው "እኛ እግዜር የፈጠረው ነው ብለን" አሉና ዝም አሉ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሲወለድ እግሩ የዞረ ሕፃን በጎጣችሁ ካያችሁ "ሲያድግ ይስተካከላል" አትበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪም ጋ ይሂድ።

ስለ ደፉም አንድ ነገር ልበል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዝዝ ነበር። በዊልቸር የሚሄዱትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትንም ይጨምር ነበር። እኔ ያነበብኩት እግሬ ከተሰበረ በኋላ ነው። ከአዋጁ በፊት የደረሰልኝ የተማሪዬ ድንጋይ ነው።

ለጠየቃችሁኝ ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። ስኩተር የምትጠቀሙ በዝግታ ሂዱ፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ፤ በፍጥነት ሲዞሩት ይገለበጣል። መደገፊያው ወገባችሁ እኩል እንዲሆን አስተካክሉት። ቤታችሁ ሊሾና ሴራሚክ ከሆነ ይጠቅማል፣ ደረጃና ድንጋይ ከሆነ ክራንች ይሻላል። ለክራንች የሚገባው የጫፍ ጎማ በእኛ ድንጋይ ቶሎ ያልቃል፤ እኔ ከአሮጌ በረባሶ ቆርጬ ሠራሁለት፣ ከፋብሪካው ይበልጣል። ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ የሆነ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት "መሬታችሁ ምን ይመስላል?" ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ አሁን በሁለት እግሬ ነኝ። ብርድ ሲሆን ብረቱ ይጠዘጥዘኛል፣ ብርድ የሌለበት ቀን ደግሞ እኛ ጋ የለም። ስኩተሩ ፊዚክስ ክፍል ጥግ ላይ ቆሟል፣ እግሩ የተሰበረ ሁሉ ሊዋሰው ይችላል። መውጫው እስካሁን አለ፤ ክረምት ሲሸረሽረው ተማሪዎቹ መልሰው ይደለድሉታል።

ማንበርከክ ትቻለሁ። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የክለሳ ጥያቄ ነው የማሠራው፤ አዲስ ትምህርት የምጀምረው ስንቅ ተሸክመው የሚመጡት ከደረሱ በኋላ ነው። ያ ልጅ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ "ስሜን ግን አይጥሩ" ብሎ። ጫማው ደርሷል። አሁንም ሰኞ ያረፍዳል፣ መንገዱ አላጠረለትማ።

በር ላይ ያንበረከክኳችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይህን ካነበባችሁ ለእናንተም ነው የጻፍኩት። ይቅርታ።

ሰላም ዋሉልኝ።