የሰም ጠብታና የፍሎረንሱ ፕሮፌሰር

ነጠላ ላይ የተንጠባጠበ የሻማ ሰም ሲያጋጥም በየቤቱ የሚታወቅ መላ አለ። ወረቀት ከላይና ከታች ይነጠፍና ሞቅ ያለ ካውያ ይሄድበታል፤ ሰሙ ቀልጦ ወረቀቱ ይመጠዋል። ነጠላው ግን ይታጠፋል፣ ይገለበጣል፣ ቢበላሽም ሌላ ይገዛል። ሰሙ የተንጠባጠበው ማሳቺዮ የሣለው ግድግዳ ላይ ከሆነስ?

ፍሎረንስ ውስጥ፣ ሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ በተባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ብራንካቺ የሚሉት ጸሎት ቤት አለ። ሠዓሊው ማሳቺዮ እ.ኤ.አ. በ1420ዎቹ ሣለበትና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1771 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ጸሎት ቤቱ ተረፈ፤ ጭሱ ግን አልማረውም። እዚያ ላይ የምእመናን ሻማ ለዘመናት ሰሙን እያንጠባጠበ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጥገና ሲጀመር ጠጋኞቹን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ይኸው የሰም ጠብታ ነበር። (ከግድግዳው የተነሳው ሰም ብቻ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የአዳምና የሔዋን ራቁትነት ያሳፈራቸው ሰዎች ያስጨመሩት ቅጠልም ያኔ ተነሥቷል። ሰሙ ይሻላል፤ ሆን ተብሎ የፈሰሰ አልነበረም።)

ሰምን የሚያሟሟ ፈሳሽ ሞልቷል። ጭንቁ ሰሙ ከሟሟ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ነው። የኖራ ልስን ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ የሟሟውን ሰም ጠጥቶ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል፤ ከላይ የጸዳ የመሰለው ነውር ከሥር ይቀመጣል። የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ያመጡት መፍትሔ በዓይን የማይታዩ የማሟሟያ ጠብታዎችን ሳሙና በመሰለ ነገር አቅፎ የያዘ ውሃ ነው። ውሃው ቀድሞ ገብቶ የልስኑን ቀዳዳዎች ይሞላቸዋል፤ ጠብታዎቹ ሰሙን ይውጡታል፤ የተዋጠው ሰም ተመልሶ ወደ ግድግዳው እንዳይገባ በሩ በውሃ ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ኬሚስትሪን በትምህርት ቤት ቀመር በመሸምደድ ብቻ መጨረሳችን ይቆጨኛል።

የዚህ ሁሉ አባት ኤንዞ ፌሮኒ ናቸው። የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ኋላም የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነዋል። ወደ ሥዕል ያመጣቸው ጎርፍ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1966) አርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ዋጣት። ውሃው ብቻውን አልመጣም፤ ለክረምት ማሞቂያ በየምድር ቤቱ የተከማቸውን ጥቁር ናፍጣ ከጭቃው ጋር ለውሶ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ደፋው። ጭቃውን ሊጠርጉ ከየአገሩ የጎረፉትን ወጣቶች ሕዝቡ «የጭቃ መላእክት» ብሎ ጠራቸው።

ጭቃው ተጠረገ። ግድግዳዎቹ መድረቅ ሲጀምሩ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ፍሬስኮ የሚባለው የግድግዳ ሥዕል የሚሣለው ልስኑ ሳይደርቅ ነው፤ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን አብሮ ያስረዋል። በዘመናት ውስጥ በአየር ያለው የድኝ ጭስ ይህን ድንጋይ ቀስ በቀስ ወደ ጀሶ ይለውጠዋል። ጀሶ በውሃ ይሟሟል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ይረጋል፣ እየረጋም ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል። ስለዚህ ጎርፉ ካለፈም በኋላ ሥዕሎቹ እንደ ዱቄት ይራገፉ ጀመር።

ፌሮኒ ከጠጋኙ ከዲኖ ዲኒ ጋር ሆነው የሠሩት ነገር በሁለት ምዕራፍ ይከናወናል። መጀመሪያ የወረቀት ገንፎ በአሞኒየም ካርቦኔት ተነክሮ፣ ስስ ወረቀት መሐል እየገባ፣ ሥዕሉ ላይ ይለጠፋል። ጀሶው ተመልሶ ቀድሞ የነበረውን ድንጋይ ይሆናል። ግን ድኙ አልሄደም፤ አሁንም በውሃ የሚሟሟ ጨው ሆኖ ተቀምጧል። ሁለተኛው ልጥፍ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ የያዘ ነው። ባሪየሙ ድኙን ይዞ ባሪየም ሰልፌት ይሆናል፤ ለሆድ ራጅ የሚጠጣው ነጭ ፈሳሽ ማለት ነው። በውሃ ስለማይሟሟ ሰውንም አይጎዳ፣ ግድግዳንም አያፈርስ። አሞኒያው አፍንጫ እየሰነፈጠ በአየር ላይ ይጠፋል። የተረፈው ባሪየም ደግሞ ከአየሩና ከልስኑ ጋር ተዋሕዶ የላላውን ያጠብቃል። በሳን ማርኮ ገዳም ያሉት የፍራ አንጀሊኮ ሥዕሎች በዚህ መንገድ ታክመዋል።

እኔን የሚደንቀኝ ቀመሩ አይደለም፤ ቀመሩን ጎበዝ ተማሪም ወረቀት ላይ ያወጣዋል። ገንፎው ምን ያህል እርጥብ ይሁን፣ ስንት ሰዓት ይቆይ፣ የትኛው ቀለም አሞኒያን አይወድም የሚለው ግን በዲኒ ጣቶች ውስጥ ነበር። የፕሮፌሰር ማዕረግ ከሚታተም ጽሑፍ ይመጣል፤ የዚህ ሙያ ፕሮፌሰር ግን መወጣጫ ላይ ወጥቶ ከእጅ ባለሙያ መማር አለበት። ሥራው ከተሳካም አሻራው አይታይም። ጎብኚ የሚያደንቀው ፍራ አንጀሊኮን ነው።

እዚህ ላይ ልቡ ወደ ጣና ደሴቶች የሚሸፍት አንባቢ አይጠፋም። የዚያ ሥዕል ብዙው ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ባሪየሙ አይረዳውም። ለሱ ማጣበቂያውን፣ ጨርቁን፣ የጭቃውን ግድግዳና ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ የሚያውቅ ኬሚስት ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ፍሎረንስ ልመለስ። ፌሮኒ በባሪየም ሲደክሙ ዓለም ቀላል መንገድ አግኝቶ ነበር፤ ፓራሎይድን የመሰሉ አክሪሊክ ሙጫዎች። ይቀባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ቀለሙ ወዲያው ይደምቃል። ኬሚስት የፈለሰፈው፣ ኬሚስት የመሰከረለት ነገር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግን ሙጫው የግድግዳውን ትንፋሽ ዘጋ፤ ጨው ከሥሩ ተጠራቅሞ ቀለሙን ከነሙጫው ይገሽልጠው ያዘ። በሜክሲኮ የማያ ሥዕሎች ላይ የፌሮኒ ተተኪዎች፣ ፒዬሮ ባሊዮኒና ባልደረቦቻቸው፣ ከሠሩት ሥራ ትልቁ ቀዳሚዎች የቀቡትን ማንሳት ነበር። ያነሱበትም ሰሙን ባስለቀቀው ዓይነት ፈሳሽ ነው።

በምትኩ የሰጡት ያንኑ ጥንታዊውን ኖራ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ2 ግራም ያነሰ ኖራ ብቻ ስለሚያሟሟ በኖራ ውሃ ግድግዳ ማጠንከር ዘመን ይፈጃል። እነሱ ኖራውን በናኖሜትር በሚለካ ቅንጣት አዘጋጅተው አልኮል ውስጥ በተኑት፤ አልኮሉ ይተናል፣ ኖራው ልስኑ ውስጥ ቀርቶ እንደ ጥንቱ ድንጋይ ይሆናል። ካላክሙል በተባለው የማያ ከተማ ሥዕሎች ላይ ተሠርቶበታል። እስካሁን ክፉ አልተሰማበትም፤ ሙጫውም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲመሰገን ነበር።